የሞቀው ወለል

ጥቅምት 4

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ሰንብተሃል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻለው? እኔ የእናንተ ናፍቆት ካልሆነ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ ፈጣሪ ቤታችሁን ከክፉ ዓይን ይጋርድልኝ። ሳልሰናበትህ በመሄዴ እስካሁን ይከነክነኛል። አንተ ለሥራ ወጣ ባልክበት ሳምንት ነው ጉዞው ድንገት የተቆረጠው። "ቲኬትህ ደርሷል፣ ነገ ተነስ" ሲሉኝ ልብሴን እንኳ በወጉ አላጠፍኩም።

የምሠራው ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ በጭነት መኪና ይመጣል፤ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ይተኮሳል፣ ታጥፎ ይመለሳል። የአንሶላው ብዛት ዓይኔን ስጨፍን ራሱ ነጭ ነገር ነው የሚታየኝ። የምንኖረውም እዚያው ነው፤ ማሽኑ ታች፣ እኛ ላይ።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። አብሮኝ የሚሠራ የአገራችን ልጅ አለ። የተቀጠረው በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ነው። ተምሯል፤ ግን ዘመን አልፎበት ብዙው ጠፍቶበታል። ወንድሜ በሙያው የታወቀ ነው ብዬ አፌ አምልጦኝ ነግሬው፣ "እባክህ ጠይቅልኝ" ብሎ ያዘኝ። ከልብስ ማድረቂያዎቹ የአንዱ ማሞቂያ ሬዚስታንስ ተቃጥሏል። በጀርባው 220 ቮልት፣ 10 አምፔር ይላል። የሠራተኞቹ አለቃ ካቦው "ምትክ እንድናዝ የሬዚስታንሱን ኦምና የኃይሉን ዋት ጻፍልኝ" አለው። እሱም "ነገ" አለ። ይኸው ነገ ሲል ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ካቦው ሲመጣ ከአንሶላ ክምር ኋላ ይደበቃል፤ ብታየው ያስቅሃል።

ቶሎ ጻፍልኝ፤ ፖስታውን በመንገዱ ማዶ ሱቅ አድራሻ ላከው። እማዬን ሳምልኝ።

ወንድምህ ትንሹ


ኅዳር 2

ለትንሹ፣

በሄድክበት ሁሉ ፊትህ ይቅና፣ እግርህ እንቅፋት አይንካው። ደብዳቤህ ሲደርስ እማዬ ሳላነብላት በፊት አሽትታ "ሳሙና ሳሙና ይላል" አለች። ደስ ብሏት ዋለች። ሳትሰናበተኝ መሄድህ ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ።

ጓደኛህን እንዲህ በለው። ጠዋት የአውቶቡስ በር ላይ ያለውን ሰው ያስብ። ከኋላ ያለው ግፊያ ቮልት ነው። በበሩ የሚያልፈው ሰው ብዛት አምፔር ነው። የበሩ ጥበት ደግሞ ሬዚስታንስ። በሩ ሲጠብ የሚያልፈው ያንሳል፤ ግፊያው ሲበረታ ይበዛል። ስለዚህ የበሩን ጥበት ለማወቅ ግፊያውን ላለፈው ሰው ያካፍላል፤ 220 ለ10፣ 22 ኦም። ኃይሉን ሲፈልግ ደግሞ ያባዛል፤ 220 በ10፣ 2200 ዋት። ሙቀት ሆኖ የሚወጣው ያ ነው። ሁለት መስመር ሂሳብ ናት፤ የመጀመሪያ ዓመት፣ የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት። ይህ የጠፋበት ኤሌክትሪሺያን መሪ መያዝ ሳይችል መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሾፌር ነው። ለመሆኑ የት ነው የተማረው?

የእኔን ነገር ብነግርህ፣ ጣውላ መሰንጠቂያው ተዘጋ። ባለቤቱ ማሽኖቹን ሸጦ አሰናበተን። ክፋት አልነበረበትም፤ እንጨት ነው የጠፋው። እንደ ዕድል አዲስ የዘይት ፋብሪካ ሊከፈት ነው፤ ኤሌክትሪሺያን ይፈልጋሉ። ሄጄ ተፈተንኩ፣ ፈታኙም ወደደኝ። የቀረው ዋናውን ሰርተፍኬት ማሳየት ብቻ ነው፤ ኮፒ አይቀበሉም። እሱን ነው ያጣሁት። እማዬ ሳጥን ውስጥ፣ በቡናማው ፖስታ ነበር ያስቀመጥኩት። ፖስታው አለ፣ ባዶውን። እማዬን ስጠይቃት "እኔ ፊደል የማልቆጥር ምን አውቄ" ትልና ሌላ ወሬ ታነሳለች። አንተ ስትሄድ የራስህን ወረቀት ከዚያው ሳጥን አይደል ያወጣኸው? አይተኸው ከሆነ አስታውስና ጻፍልኝ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሃል። እኔን አሁንም "ሽቦ" እያሉ ነው የሚጠሩኝ፤ ሥራ ከፈታሁ ወዲህማ ቀጥኜ ስሙ ይበልጥ ልክ ሆኗል።

ወንድምህ


ኅዳር 28

ይድረስ ለወንድሜ፣

ጤናህን፣ ጉልበትህን፣ የቤቱን ሰላም አብዝቶ ይስጥልኝ። ጽሕፈቴ ትንሽ ተጣሟል፤ የምጽፈው ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለሆነ ነው።

የአውቶቡሱ ምሳሌ ለጓደኛዬ ብርሃን ሆነለት። 22 ኦም ብሎ ጻፈ፣ ሬዚስታንሱ መጣ፣ ማድረቂያው ሠራ። ካቦው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ግን ሰው አንዴ ካወቅህ አይለቅህም። በማግስቱ ደግሞ የሌላውን ማሽን ሬዚስታንስ በቴስተር ሊለካ ሁለቱን ጫፍ ሲያስነካ ቴስተሩ ጭስ አውጥቶ ፈነዳ፤ እጁንም አቃጠለው። ማሽኑ መብራት ነበረው። ይህ ያስፈነዳል እንዴ? ሌላው ደግሞ፣ ሁለት ማሞቂያ ጎን ለጎን አንድ መስመር ላይ ሰካ። "22 እና 22 ሲደመር 44 ኦም ነው፤ አምፔሩ በግማሽ ይቀንሳል" ብሎ አስቦ ነበር። መብራቱን የሚቆርጠው ባልቦላ ወዲያው ዘለለ። የት ላይ ነው የተሳሳተው?

ስለ እኛ የጠየቅኸኝ የለም እንጂ ልንገርህ። አንድ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ነን። አልጋው ተደራራቢ፣ ወለሉ እንጨት፣ መስኮቱ በብረት ፍርግርግ የታጠረ። መውጫው በማሽኑ ቤት በኩል ያለው አንድ ደረጃ ብቻ ነው፤ የታችኛውን በር ቁልፍ የሚይዘው ካቦው ነው። ፓስፖርታችንን ባለቤቱ "ለጥንቃቄ" ብሎ ካዝናው ውስጥ ቆልፎበታል። ሌላ ወረቀታችንም እዚያው ነው። በእረፍት ቀን እስከ መንገዱ ማዶ ሱቅ ድረስ እንወጣለን፤ ከዚያ ወዲያ መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ እኛ ደግሞ የለንም። ብርዱ አጥንት ይገባል። ከጎኔ የሚተኛ አንሶላ አጣፊ ሽማግሌ አለ፤ ሌሊት ሁለት ካልሲ ደርቦ ጠዋት አንዱን ለእኔ ያውሰኛል።

የማሽኑ ጩኸት ጆሮዬን ሳያደነቁረኝ አልቀረም። ሲጠሩኝ ቶሎ አልዞርም፤ ሦስቴ ሲጠሩ ነው የምሰማው። ይስቁብኛል።

እማዬ ደህና ናት?

ትንሹ


ታኅሣሥ 25

ትንሹ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ለመመለስ የዘገየሁት ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነብ ነው።

ለጓደኛህ ይህን ንገረው፤ ጮክ ብለህ ንገረው። ሬዚስታንስ በቴስተር የሚለካው መብራቱ ጠፍቶ፣ ዕቃው ከመስመሩ ተነቅሎ ነው። መብራት እያለ ማወቅ ከፈለገ ቮልቱን ለብቻ ይለካ፣ አምፔሩን ሽቦውን አቅፎ በሚለካው መሣሪያ ለብቻ ይለካ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ በወረቀት ያካፍል። ሂሳብ የመጣው እጅ እንዳይገባ ነው። በዚህ ጨዋታ የሞተ ሰው ቀብሬአለሁ፤ አብረን የተማርን ልጅ ነበር።

ሁለት ሬዚስታንስ ጎን ለጎን ሲሆን አይደመርም። አውቶቡሱ ሁለተኛ በር ቢከፍት የሚያልፈው ሰው ይበዛል እንጂ ይቀንሳል? 22 እና 22 ጎን ለጎን 11 ኦም ይሆናል። 220 ለ11፣ 20 አምፔር። አሥሩ አምስት አልሆነም፤ ሃያ ሆነ። ባልቦላው ባይዘልል ኖሮ ሽቦው ይግል ነበር።

ጓደኛህ የተቃጠለው የትኛው እጁ ነው? ቀኙ ነው ግራው? ቅባት እንዳያደርግበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍነው።

ሰርተፍኬቱን አላገኘሁትም። የጻፍኩልህን አልመለስክልኝም፤ ረስተኸው ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ሄጄ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ደግ ናት፤ "ለፖሊስ አመልክት፣ ያንን ይዘህ ና፤ የድሮውን ቁጥር ሰርዘን በየትም ቦታ እንዳያገለግል እናስታውቃለን፣ በወሩ አዲስ እንሰጥሃለን" አለችኝ። የዘይት ፋብሪካው እስከ የካቲት መጨረሻ እጠብቅሃለሁ ብሎኛል። እስካሁን አላመለከትኩም።

ወንድምህ


የካቲት 10

ወንድም ጋሼ፣

ፈጣሪ ዕድሜህን ያርዝምልኝ። እባክህ፣ ለፖሊስ እንዳታመለክት። ማለቴ ትንሽ ቆይ። ወረቀት እኮ አንዳንዴ ከማይታሰብበት ቦታ ይገኛል። የተሰረዘ ነገር ደግሞ መልሶ ማስተካከል ከባድ ነው ይባላል። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ብቻ ትንሽ ታገሥ።

የተቃጠለው ቀኝ እጁ ነው። ድኗል።

ለእማዬ መድኃኒት የሚሆን ትንሽ ነገር ልኬአለሁ፤ ሲደርስ አሳውቀኝ።

አዲስ ማድረቂያ ገብቷል፣ እንደ ቤት የሚያክል። የተሰካው ካውያዎቹ ባሉበት መስመር ላይ ነው። መጀመሪያ ባልቦላው በቀን ሦስት አራት ጊዜ እየዘለለ ሥራ አስፈታን፤ ባለቤቱ ከቢሮው እየወረደ ጮኸ። በኋላ ካቦው ትልቅ ባልቦላ ገዝቶ መጣ። የድሮው 32 አምፔር ነበር፣ ይኸኛው 63 ነው። ጓደኛዬ ቀየረው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሆነ፤ አንዴም አልዘለለም።

አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ ልንገርህ። የምንተኛበት ክፍል ወለል መሞቅ ጀምሯል። ከማድረቂያው የሚወጣ እንፋሎት ይመስለኛል። በተለይ ከሽማግሌው አልጋ ሥር አንድ ቦታ አለ፣ ለምሳ ስንወጣ ጫማችንን አውልቀን በየተራ እግራችንን እናሞቃለን። ሽማግሌው "እግዜር ለድሃ ከወለል በታችም ቢሆን ይደርሳል" ብሎ አሳቀን። ካልሲውንም ትቶታል።

በቅርብ የኢንሹራንስ ሰው ይመጣል አሉ። መስመሩ ደህና ነው የሚል ወረቀት ላይ ኤሌክትሪሺያኑ ይፈርማል። ጓደኛዬ ቢፈርም ምን ችግር አለው?

ትንሹ


መጋቢት 6

ትንሹ፣

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እየመለስኩ ነው። ፖስታ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ቆሜ ነው የምጽፍልህ።

ወለሉን የሚያሞቀው እንፋሎት አይደለም። ባልቦላ ማሽን አይጠብቅም፣ ሽቦ ነው የሚጠብቀው። ለ32 አምፔር የተዘረጋ ሽቦ ላይ 63 ባልቦላ ማድረግ የበሩን ዘበኛ አባርሮ "አሁን ማንም አይጮህም" ማለት ነው። ሽቦ ራሱ ትንሽ ሬዚስታንስ አለው። ብዙ አምፔር ሲጫንበት እሱም እንደ ምድጃ ይግላል። የሚግለው ደግሞ እናንተ የምትተኙበት እንጨት ውስጥ ነው።

ጓደኛህ ይህን ያድርግ። ሁሉም ማሽን እየሠራ፣ ቮልቱን መነሻው ላይ ይለካ፣ ከዚያ መድረሻው ላይ ይለካ። የጎደለውን ይቀንስ። አምፔሩን ይለካ። የጎደለውን ቮልት ለአምፔሩ ቢያካፍል የሽቦውን ሬዚስታንስ ያገኛል። ቢያባዛ ደግሞ በወለሉ ውስጥ ስንት ዋት እንደሚነድ ያገኛል። ከዚያ ሌላ የሚጠይቀው ነገር አይኖርም። ሳይቃጠል በቅጠል። ይህ እስኪሆን ማድረቂያው ይጥፋ፤ ሽማግሌውም አልጋውን ይቀይር።

ስለ ፊርማው። ጓደኛህ ከመፈረሙ በፊት የማን ስም ላይ እንደሚፈርም ያስብ። ሰው ቢሞት የሚፈለገው እዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ስም ነው።

የዘይት ፋብሪካው ሌላ ሰው ቀጠረ። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ምድጃና ካውያ እጠግናለሁ። መድኃኒቱ ደርሷል፤ እማዬ ትመርቅሃለች።

ወንድምህ


ሚያዝያ 12

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታ የምጽፍበት ፊት የለኝም። ግን እማዬ እንዴት ናት?

ጓደኛ የለኝም። ያ ጓደኛ እኔ ነኝ። ሰርተፍኬትህን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ፎቶህን ልጬ የእኔን ለጥፌ፣ ማኅተሙን የላከኝ ደላላ አስተካክሎልኝ፣ መታወቂያም አሠርቶልኝ፣ በአንተ ስም ነው ፓስፖርት ያወጣሁት። ለአንሶላ ተሸካሚ ቪዛ አይሰጡም ነበር፣ ለኤሌክትሪሺያን ግን ይሰጡ ነበር። አንተ ጣውላ መሰንጠቂያው ሥራ ስላለህ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል ብዬ ነበር ያሰብኩት። በዓመቱ ልመልሰው። ሲጠሩኝ የማልዞረው ጆሮዬ ታሞ አይደለም። "ሽቦ" ቢሉኝ እንኳ ይሻል ነበር፤ የሚጠሩኝ በእውነተኛው ስምህ ነው። ያንን ስም ስሰማ አንተ በበሩ የገባህ እየመሰለኝ ነው የምደነግጠው። ማን ወረቀቱን ከሳጥኑ እንዳወጣው አትጠይቀኝ፤ እኔ ነኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ካውያዎቹም ማድረቂያውም እየሠሩ፣ እንዳልከኝ ለካሁ። መነሻው ላይ 220። መድረሻው ላይ 209። አምፔሩ 44። አንሶላ ማሸጊያ ካርቶን ላይ ጻፍኩት። 220 ሲቀነስ 209፣ 11 ቮልት ጎደለ። 11 ለ44፣ የሽቦው ሬዚስታንስ ሩብ ኦም። 11 በ44፣ 484 ዋት። በመጀመሪያው ደብዳቤ የጻፍክልኝ ማድረቂያ 2200 ነው፤ የዚያ ሩብ የሚጠጋ እሳት ወለላችን ውስጥ ተቀብሯል ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ የማይሆን ቁጥር በሆነ እያልኩ። ያው ነው።

ወደ ላይ ወጥቼ ሽማግሌውን ከአልጋው አስነሳሁትና አንዱን ጣውላ በመፍቻ ነቀልኩ። የሽቦው ልባስ ከሰል ሆኖ እጄ ላይ ረገፈ። ከሥሩ ያለው እንጨት ጠቁሯል። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ "እግሬን ያሞቅኩበት ይሄ ነው?" አለኝ።

"ይሄ ነው።"

"አንተስ እስከ ዛሬ አታውቅም ነበር? ሙያህ አይደለም?"

ጣውላውን እዚያው ትቼ ተነሳሁ። 

ወደ ካቦው ሄጄ ነገርኩት። እሱ ወደ ባለቤቱ ወሰደኝ። ባለቤቱ ጠረጴዛው ላይ የኢንሹራንሱን ወረቀት አዘጋጅቶ እየጠበቀኝ ነበር፤ ሰውየው በማግስቱ ሊመጣ ነው። ካርቶኔን አሳየሁት፤ አላየውም።

"ባልቦላው አልዘለለም አይደል?" አለኝ።

"አልዘለለም። የሚቃጠለው ግን ባልቦላው አይደለም፤ ሽቦው ነው።"

"ሽቦውን በእረፍቱ ወር እንቀይራለን። አሁን ፈርም።"

"እስከዚያ ማድረቂያው ይጥፋ። ካልሆነም ሰዎቹ ሌላ ቦታ ይተኙ።"

"የት? እኔ ቤት?" ካቦው ሳቀ። ባለቤቱ አልሳቀም። እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋ አደረገና "ፓስፖርትህ የት እንዳለ ታውቃለህ። ፈርም፤ ይኸው ስምህ ተጽፏል" አለኝ።

ስምህ ተጽፏል። ወንድም ጋሼ፣ በእነሱ ፊደል የአንተ ስም፣ የአባባ ስም፣ የአያታችን ስም በትልቁ ተጽፎ ከሥሩ ባዶ መስመር አለ። አንተ ፖስታ ቤት ቆመህ የጻፍክልኝን አስታወስኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ የራሴ ስም ቢሆን ኖሮ የምፈርም ይመስለኛል። እንዲህ ያለሁ ፈሪ ነኝ። እስክሪብቶውን አንስቼ እንኳ ነበር።

"ያ ስም የእኔ አይደለም" አልኩት።

ስላልገባው ካቦውን አየ። ደግሜ ነገርኩት። የወንድሜ ስም ነው፣ ወረቀቱም የወንድሜ ነው፣ እኔ ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም፣ ሂሳቡን በደብዳቤ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከዚያ ወርጄ ዋናውን ማጥፊያ ዘጋሁት። ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። እዚያ ከገባሁ ጀምሮ ያን ያህል ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። የ63ቱን ባልቦላ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት።

ባለቤቱ ፖሊስ ጠራ። ኢንሹራንሱንም ነገን ሳይጠብቅ ራሱ ደውሎ ጠራው፤ "ሐሰተኛ ኤሌክትሪሺያን አበላሸብኝ" ብሎ ጥፋቱን እኔ ላይ ሊያላክክ። ሰውየው መጣና የተነቀለውን ጣውላ አየ፣ ካርቶኑንም አየ። ቤቱን አሸገው። አሥሩም ሰዎች ሌላ ሰፈር በተከራየ ቤት ገብተዋል፤ ሽማግሌው ሊጠይቀኝ መጥቶ የነገረኝ ነው። አንድ ካልሲም አምጥቶልኛል።

አሁን ያለሁት ወደ አገራቸው ሊመለሱ የሚጠብቁ ሰዎች በሚቀመጡበት ቤት ነው። መስኮቱ እዚህም ፍርግርግ አለው። አንድ ወርም ይሆናል፣ ሦስትም ይሆናል ይላሉ። ስንገባ ስም ሲመዘግቡ የራሴን ተናገርኩ። ከአፌ ካወጣሁት ብዙ ቀን ስለሆነው ጸሐፊው "ምን?" እስኪል ድረስ ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። ሰርተፍኬትህን ፖሊስ ይዞታል፤ አይመለስም። አሁን አመልክት። አሰርዘው።

የዘይት ፋብሪካው ሥራ በእኔ ነው ያመለጠህ። 

ትንሹ


ሰኔ 3

ለትንሹ፣

ያለህበትን ቤት በር ፈጣሪ በደህና ይክፈትልህ። እማዬ ደህና ናት። የጻፍከውን አላነበብኩላትም፤ "ሊመጣ ነው" ብቻ አልኳት። እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችም።

ያወቅሁት በታኅሣሥ ነው። ጓደኛህ እጁን ተቃጠለ ያልክበት ደብዳቤ ጽሕፈቱ የአንተ አይመስልም ነበር፤ ጉልበት ላይ የተጻፈና በተቃጠለ እጅ የተጻፈ አንድ አይደለም። ከዚያ ባዶው ፖስታ አለ፤ ስጠራ አልሰማም ያልከው አለ። የትኛው እጅ ነው ብዬ የጠየቅሁህ እኔው ነኝ ብለህ እንድትነግረኝ ብዬ ነበር። አልነገርከኝም።

ለምን ዝም እንዳልኩ ማወቅ አለብህ። ይቅር ስላልኩህ አይደለም። ከተቆጣሁህ መጠየቅ ታቆማለህ፣ መጠየቅ ካቆምክ ትሞታለህ ብዬ ነው። ያላመለከትኩትም ለዚሁ ነው። ቁጥሩ ቢሰረዝ አንተ እዚያ በተሰረዘ ወረቀት ትያዝ ነበር። የካቲት ሲያልቅ ፋብሪካው በር ድረስ ሄጄ "ወረቀቱን አላገኘሁም" ብዬ ተመለስኩ። ፈታኙ አዘነልኝ። ሰው ሲያዝንልኝ አልወድም። ቤት ገብቼ የሰው ምድጃ ፈትቼ እስኪመሽ አንዲት ብሎን አላሰርኩም። አንተ የተቆለፈብህ ከውጭ ነው፤ እኔ ቁልፉን ይዤ ተቀምጬ መክፈት ያቃተኝ ነበርኩ። ይህን የምነግርህ እንድታለቅስ አይደለም፤ እንድታውቀው ነው።

ደብዳቤህ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። እማዬ ሳልጠይቃት ነጠላዋን አጣፍታ ተከተለችኝ። በዚያ ጉልበቷ ሁለት ጊዜ አረፍ እያለች ነው የደረስነው። እኔ መዝጋቢው ጋ ስቀርብ እሷ ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ እጆቿን ታያለች። መዝጋቢው እስክሪብቶውን አነሳና "ተሰርቆ ነው ጠፍቶ?" አለኝ።

ወደ እማዬ ዞር አልኩ። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። እማዬ ቀና አላለችም።

"ጠፍቶ" አልኩት።

ያንን ቃል ለአንተ ስል የተናገርኩት እንዳይመስልህ፤ ለእሷ ስል ነው። ማን ከሳጥኑ እንዳወጣው አንተን አልጠይቅህም፣ እሷንም አልጠየቅኋትም፤ ስንመለስ ክንዴን ይዛ ነበር።

አዲሱ ወረቀት ትናንት ወጣ። ፋብሪካው ሁለተኛ ፈረቃ ሊጨምር ነው ይላሉ። ይላሉ ነው፤ እስከዚያ ምድጃዬ አለ። ስትመጣ መጀመሪያ የምትገባው እዚህ ነው፤ አልጋህ አለ። ግን እንደ ድሮው ዘለህ አንገቴ ላይ አትጠምጠም፤ ጊዜ ስጠኝ። ምናልባት ብዙ ጊዜ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ ይከፍታል። የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ጠይቄአታለሁ፤ የራስህን መታወቂያ ይዘህ፣ በራስህ ስም ትመዘገባለህ። እምቢ ካልክ ከእኔ ጋር ምድጃ አትነካም።

የካርቶኑን ሂሳብ በእጄ መልሼ ሠራሁት። 220፣ 209፣ 44። ካውያዎቹና ማድረቂያው ሙሉ 220 ቢያገኙ ስንት አምፔር ይስቡ እንደነበርም አሰላሁ፤ 46 ገደማ ይሆናል። ቮልቱ ሲጎድል ወደ 44 መውረዱ ይገጥማል። ሩብ ኦም፣ 484 ዋት። ልሳሳትበት የምችልበትን ቦታ ሁሉ ፈለግሁ፤ ክፉ ሆኜም ፈለግሁ። ስህተት አላገኘሁበትም።

ወንድምህ